ውድ ሄድፎኖችን ባሕር ዳር ላይ ማወዳደር፦ ከጆሮ በፊት የሚስተካከሉ ነገሮች

ሁለት ሄድፎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ አንዱን አውልቆ ሌላውን እያጠለቀ "የቱ ይበልጣል?" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ የወጣለትን ነው። ልዩነቱ አንድ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ሲሆን ጆሮ "ይሄ ይጮሃል" አይልም፤ "ይሄ ጠራ፣ ይሄ ሞላ፣ የዚህ ባስ ወረደ" ነው የሚለው። ፍሌቸርና ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተሙት የጆሮ ኩርባ ምክንያቱን ያሳያል፦ ድምፅ ዝቅ ሲል ባሱ ከመሃሉ ቀድሞ ይጠፋብናል፣ ከፍ ሲል ተመልሶ ይመጣል። መጠናቸው ባልተስተካከለ ሁለት ሄድፎኖች ላይ የተሰጠ ፍርድ እንግዲህ፣ ሰሚው የቱንም ያህል ጆሮው የሰላ ቢሆን፣ በቮሊዩሙ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው።

እኛ ከተማ ጥሩ ሄድፎን ብዙ ጊዜ እጅ የሚገባው በውሰት ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል፣ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛ ለሁለት ቀን ይሰጣል፣ ወይም የሚሸጥ ሰው "ዛሬ ሰምተህ ነገ መልስልኝ" ይላል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ምን አስቀድሞ ምን እንደሚከተል ማወቅ ይጠቅማል። የምጽፈው ባለ ሽቦ ስለሆኑት ነው። የብሉቱዝ ሄድፎን የራሱን አምፕ (ድምፅ ማጉያ) እና ኢኩዋላይዘር (የባስና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) በሆዱ ስለያዘ ጉዳዩ ሌላ ነው።

መጠን ለማስተካከል ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ኮሌታቸው ላይ የሚሰኩት ባለ ሽቦ ትንሽ ማይክ፣ ጠንካራ ካርቶን፣ መጻሕፍትና ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃሉ። ካርቶኑን 20 በ20 ሴንቲሜትር ቁረጡና መሃሉን ማይኩ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ ብሱት። የማይኩ አፍ ከካርቶኑ ፊት ጋር እኩል ይሁን፣ ዙሪያውን በፕላስቲሲን ድፈኑ። መጻሕፍቱን አቁማችሁ ውፍረታቸው 15 ሴንቲሜትር እስኪሞላ ደርድሩና በሲባጎ እሰሩ፤ የሰው ጭንቅላት ስፋት እዚያው አካባቢ ስለሆነ ሄድፎኑ ቁልሉን በለመደው ጥብቀት ይይዘዋል። ካርቶኑ በአንድ ጎን ይቆማል። የማይኩ ጀርባ ቦታ እንዲያገኝ በካርቶኑና በመጽሐፉ መሃል ስስ ስፖንጅ አስገቡ።

ኦዳሲቲ ላይ ፒንክ ኖይዝ (ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉም ድምፅ ያለበት ወጥ ሽውታ) ፍጠሩና ከ500 ኸርዝ (በሴኮንድ 500 ንዝረት) በታች፣ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ያለውን በፊልተር ቁረጡት። ሙሉውን የማንጠቀመው ሄድፎኖች በብዛት የሚለያዩት በባስና በትሬብል፣ ማለትም በቀጭኑ ድምፅ፣ ስለሆነ ነው። ሙሉውን ከለካችሁ ባስ የበዛበት ሄድፎን ጯሂ ሆኖ ይመዘገባል፣ እሱን ለማስተካከል ቮሊዩም ስትቀንሱ ድምፃዊው ወደ ኋላ ይቀራል። የሰው ድምፅ ዋና ክፍል ያለበትን መሃል ማመጣጠን ይሻላል።

ማይኩን ስልክ ላይ ሰክታችሁ በዴሲቤል አፕ ስትለኩ መጀመሪያ አፑን ፈትኑት፦ ኮምፒውተሩ ላይ በትክክል 6 ዴሲቤል ቀንሱ፤ አፑም 6 ከቀነሰ ይሠራል፤ 3 ወይም 4 ብቻ ከቀነሰ ስልኩ የማይኩን መጠን በራሱ እያስተካከለ ስለሆነ ሌላ አፕ ፈልጉ። ከአፑ የሚገኘው ቁጥር ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ "ክፍሌ ውስጥ 78 ዴሲቤል ነው" ለማለት አይበቃም። እያንዳንዱን ሄድፎን ሦስት ጊዜ አውልቃችሁ መልሱና ለኩ። በሦስቱ መሃል ከ1 ዴሲቤል በላይ ልዩነት ከመጣ የሄድፎኑ የጆሮ ስፖንጅ ካርቶኑ ላይ በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። ግባችሁ በሁለቱ ሄድፎኖች መሃል ግማሽ ዴሲቤል ነው። በስልክ ቁልፍ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ የአንድ ጊዜ ጭነት ሁለትና ሦስት ዴሲቤል ሊዘል ይችላል። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኩዋላይዘር ኤፒኦ የሚባለው ፕሮግራም፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ፓወርአምፕ የመሰለ ማጫወቻ በትንንሽ እርከን መቀነስ ያስችላል።

አንዳንድ ሰው መልቲሜትር ይዞ በሁለቱም ሄድፎን ጃክ ላይ እኩል ቮልቴጅ ካገኘ "ተስተካከለ" ይላል። ይህ የሚሠራው አንድን ሄድፎን በሁለት አምፕ ስታወዳድሩ ነው፤ የ100 ኸርዝ ቶን አጫውታችሁ፣ ሄድፎኑ እንደተሰካ፣ ቮልቴጁን እኩል ታደርጋላችሁ። ሁለት የተለያዩ ሄድፎኖች ግን በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ፈጽሞ የተለያየ ድምፅ ያወጣሉ።

እዚህ ላይ ኦም የሚባለው ነገር፣ ማለትም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን (ኢምፒዳንስ)፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። "300 ኦም ስለሆነ ትልቅ አምፕ ይፈልጋል፣ 20 ኦም ስለሆነ ስልክ ይበቃዋል" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከኦሙ ጋር የሚታየው ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ በሚሊዋት፣ ሌላው በቮልት ስለሚጽፈው ቁጥሮቹን እንዳለ ማወዳደርም አይቻልም። ከሚሊዋት ወደ ቮልት ለመቀየር 1,000ን ለኦሙ አካፍሉ፣ የውጤቱን ሎጋሪዝም በ10 አባዙና በሚሊዋት በተጻፈው ዴሲቤል ላይ ደምሩ። የሙዚቃ ከፍተኛው ጫፍ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ ብንፈልግ፣ ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 በ300 ኦምና በአንድ ቮልት 103 ዴሲቤል ስለሚሰጥ ወደ 2.2 ቮልት ይፈልጋል፤ በዋት ሲሰላ 17 ሚሊዋት እንኳ አይሞላም። ኦዲዚ ኤልሲዲ-ኤክስ 20 ኦምና በሚሊዋት 103 ዴሲቤል ስለሆነ 5 ሚሊዋት፣ ማለትም የቮልት ሲሶ፣ ይበቃዋል። የሃይፋይማን ሰንዳራ በ37 ኦምና በ94 ዴሲቤል 40 ሚሊዋት፣ ማለትም 1.2 ቮልት ይጠይቃል። የዚሁ ፋብሪካ የድሮው ኤችኢ-6 ደግሞ 50 ኦም ብቻ ሆኖ ሴንሲቲቪቲው 83.5 ስለሆነ ወደ 450 ሚሊዋትና 4.7 ቮልት ይውጣል። ኦሙን ብቻ ያየ ሰው ኤችኢ-6ን ከስልክ ጋር ያገናኝና "የተባለለትን ያህል አይደለም" ይላል።

ስልክ ላይ የሚሰኩት ትንንሽ ዶንግሎች (ባለ ሽቦ ሄድፎንን ከስልኩ ቻርጀር መሰኪያ ጋር የሚያገናኙት) ብዙዎቹ ወደ 1 ቮልት ያወጣሉ። የአፕል ባለ ዩኤስቢ-ሲ ዶንግል በዋጋው ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ለአውሮፓ የተሠራው የሚያወጣው የአሜሪካውን ግማሽ ያህል ነው፤ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲሰካም የስልኩ ቮሊዩም ሙሉ ቢከፈት እንኳ የዶንግሉ የራሱ ቮሊዩም ዝቅ ብሎ ስለሚቀር ደካማ ሆኖ ይሰማል። ሄድፎኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ዶንግሉን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት።

አምፑ ሌላም ጣጣ አለው፦ የራሱ የውጤት ኢምፒዳንስ፣ ማለትም የመውጫው የራሱ ኦም። ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ በታች ይሁን የሚባለው ምክንያት አለው። የኤችዲ 650 ኢምፒዳንስ በሁሉም ድምፅ ላይ 300 አይደለም፤ በ100 ኸርዝ አካባቢ ወደ 500 ይወጣል። 100 ኦም ውጤት ባለው የድሮ አምፕ ወይም ሚክሰር ላይ ሲሰካ ያ ጉብታ ወደ 1 ዴሲቤል የሚጠጋ ተጨማሪ ባስ ይሆናል፤ ሰውም "ሞቅ ያለ ድምፅ አለው" ብሎ ለሄድፎኑ ይጽፍለታል። ፕላነር የሚባሉት፣ ድምፅ የሚያወጣው ክፍላቸው ስስ ጠፍጣፋ ገለፈት የሆነ ሄድፎኖች ኢምፒዳንሳቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ መጠናቸው ይቀንሳል እንጂ ሚዛናቸው አይዛባም። በዚሁ ምክንያት ሁለት ሄድፎን በአንድ ዋይ (ለሁለት በሚከፈል) ኬብል ከአንድ አምፕ ጋር ማያያዝ የሚቻለው የአምፑ ውጤት ከአንድ ኦም በታች ሲሆን ነው።

መብራትን በተመለከተ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ አምፕ ከሆነ ጀርባውን ሳታነቡ እንዳትሰኩ። "100–240" ካለ ችግር የለም። "120 ቮልት 60 ኸርዝ" ብቻ ካለ በእኛ 220 ላይ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። 115/230 የሚል ማዞሪያ ካለው መጀመሪያ አዙሩ፣ ከዚያ ሰኩ። በማውረጃ ትራንስፎርመር ስትጠቀሙም ቮልቴጁ ይስተካከል እንጂ ኸርዙ 50 እንደሆነ ይቀራል፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ይሞቃል፣ ዘፈኑ ጸጥ ሲልም ሲያጉረመርም ይሰማል።

ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሄድፎኑ ውስጥ "ህምም" የሚል ካለ ቻርጀሩን ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመሬት መስመር ነው፤ የግድግዳው ሶኬት ወይም የዲቫይደሩ ሦስተኛው እግር ባዶ ሊሆን ይችላል። ለማወዳደር ስትቀመጡ ላፕቶፑን በባትሪ ማድረግ ይህንንም የመብራት መቆራረጡንም ይገላግላል። ግድግዳ ላይ የሚሰካ አምፕ ካላችሁ ግን መብራት ሲሄድ ሄድፎኑን አውልቁና ከጃኩ ንቀሉት። መከላከያ ሪሌ የሌላቸው አምፖች መብራቱ ሲመለስ "ዱብ" የሚል ምት ይልካሉ፤ ያ ምት ለድራይቨሩም (ሄድፎኑ ውስጥ ድምፅ ለሚያወጣው ክፍል) ለጆሮም ጥሩ አይደለም።

ኦፕን ባክ የሚባሉት፣ ጀርባቸው ክፍት የሆኑት ሄድፎኖች የውጭ ድምፅ አይከለክሉም። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ውስጥ ባጃጅ በደጅ ሲመላለስ የሚሸፈነው ባሱ ነው፤ የሞተሩ ጉርምርምታ ያለው እዚያው ታች ነውና። ስለዚህ ቀን ላይ ሲወዳደሩ ባስ የተጨመረበት ሄድፎን ያለ አግባብ ያሸንፋል፤ ማታ ሲሰሙት ደግሞ ጭንቅላት ይመታል። ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ አካባቢ፣ አባይ ማዶም ቢሆን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ከዚያ አልፎ ሌሊቱን መጠበቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ጎህ ሳይቀድ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይጀምራል። ለጣና የቀረበ ቤት ያላችሁ ደግሞ በክረምት እንቁራሪቱን አስቡት፤ ከመስኮቱ ርቆ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው። ቬንቲሌተር ይጥፋ፤ ሙቀቱን ለግማሽ ሰዓት መቻል ነው።

ጭንቅላት ላይ ያለው ነገር ከብዙ ሺህ ብር ልዩነት ይበልጣል። ዝግ ሄድፎን ስፖንጁ ጆሮ ዙሪያ ካልገጠመ ባሱ ያፈሳል። ሹሩባ ከጆሮ ጀርባ ወፍራም ሆኖ ሲወርድ፣ ሻሽ ወይም ነጠላ ጠርዝ ሲገባበት፣ መነጽር ሲኖር አየር መውጫ ያገኛል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የ40 ኸርዝ ቶን አጫውቱና ሁለቱን ኩባያዎች በመዳፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጆሮ ተጫኑ። ባሱ ብድግ ካለ ያፈስ ነበር። ፕላነር ሄድፎኖችም ጀርባቸው ክፍት ቢሆንም ከፊት መግጠም ይፈልጋሉ። ባለ ሹሩባ ሰው ሁለት ዝግ ሄድፎኖችን ሲያወዳድር እያወዳደረ ያለው ስፖንጃቸውን ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ሳትፈትኑ ስለ ባስ አንድ ቃል አትጻፉ።

ስፖንጅ ሲያረጅም ድምፅ ይቀየራል። እንደ ኤችዲ 600 ያሉት ላይ ስፖንጁ ሲጠፈጠፍ ጆሮ ወደ ድራይቨሩ ይጠጋል፣ ሚዛኑም ይዛባል። አዲስ ሄድፎን ካገለገለ ሄድፎን ጋር ስታወዳድሩ የሁለቱን ስፖንጅ ውፍረት በማስመሪያ ለኩ። "በርን ኢን" እየተባለ ለ100 ሰዓት እንዲጫወት የሚመከረው ነገር፣ በእኔ ግምት፣ አብዛኛው የስፖንጅ መለስለስና የጆሮ መልመድ ነው።

አሁን ፋይሉ። የአማርኛ ዘፈን በቴሌግራም ሲዞር ብዙ ጊዜ ከዩቲዩብ የወረደና እንደገና ወደ ኤምፒስሪ የተቀየረ ነው። "320" (ኪሎቢት በሴኮንድ) ተብሎ ቢጻፍበትም መነሻው 128 ከሆነ የጠፋው አይመለስም። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን በሥዕል ያሳያል፦ ድምፁ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ ፋይሉ 128 ነበር። ሲዲ ያለው ሰው ከሲዲ ወደ ፍላክ (ከድምፁ ምንም የማያጠፋ የፋይል ዓይነት) ይገልብጥ። ላዩ የተቆረጠ ፋይል ለመዝናናት ችግር የለበትም፤ ነገር ግን የትሬብል ልዩነት ለመዳኘት አይሆንም፤ ምክንያቱን ጸናጽል ላይ እናየዋለን።

ለመፈተን የሚመረጠው ሰው አብዝቶ የሚያውቀው ድምፅ ነው። ፈረንጅ የሚጠቀምበትን የጃዝ ዝርዝር አውርዶ፣ በሕይወቱ ሰምቶ በማያውቀው ኮንትራባስ ሄድፎን የሚዳኝ ሰው አይገባኝም። በገና ቤታችን አለ። አሥሩም ጅማቶች ወፍራምና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ዝዝታውን የሚሰጠው በጅማቱና በበርኩማው መሃል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው ነው። ይህ ማለት አንድ ምት ውስጥ የታችኛው ጉርምርምታም የላይኛው ንዝረትም አብረው አሉ። በደንብ የተመዘነ ሄድፎን ላይ ዝዝታው ከጅማቱ ተነሥቶ ከጅማቱ ጋር ያልቃል። ከ6 እስከ 9 ኪሎኸርዝ ላይ ጉብታ ያለው ሄድፎን ላይ ዝዝታው ከጅማቱ ተነጥሎ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላም ያደክማል። ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ላይ ጎድጎድ ያለው ሄድፎን ላይ ደግሞ የጣት ምቱ ይደበዝዝና የቀረው እንጉርጉሮ ብቻ ይሆናል። ደርዳሪው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያዜም፣ ቃሉና የታችኛው ጅማት እየተጋፉ ቃሉ ካልተለየ፣ 200 ኸርዝ አካባቢ ተነፍቷል።

ጸናጽል ለትሬብል ከምንም ይበልጣል። ብረቶቹ ሲጋጩ እያንዳንዱ ምት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ተከታታይ ሲሆን ምቶቹን መቁጠር መቻል አለባችሁ። "ሽሽሽ" ብሎ አንድ ላይ ከተዋሐደ ጥፋቱ የሄድፎኑ ወይም የፋይሉ ነው፤ ዝቅተኛ ኤምፒስሪ ከምቱ ቀደም ብሎ የሚሰማ ጭረት ስለሚጨምርና ምቱን ስለሚያጠፋው ለዚህ ነው ፋይሉን አስቀድመን ያጣራነው። ማኅሌት ላይ ከቅርብ የተቀዳ ንጹሕ ቅጂ ካገኛችሁ ከበሮውም አብሮ ይፈተናል፦ የትልቁ ፊት ክብደትና የትንሹ ፊት የቆዳ ጥፊ ለየብቻ ይሰማሉ ወይ? ማሲንቆ ደግሞ የላይኛውን መሃል ያጋልጣል። የፈረስ ጭራው በጭራ ላይ ሲሳብ ኃይሉ ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ስለሚከማች፣ 3 ኪሎኸርዝ ላይ ከልክ ያለፈ ሄድፎን ጆሮ ይቧጥጣል።

ከሁሉም በላይ የማምነው ግን የምታውቁት ሰው ንግግር ነው። ዘፈን ውስጥ ያለ ድምፅ ኢኩዋላይዘርና ማሚቶ የነካው ስለሆነ እውነተኛውን አታውቁትም፤ እናታችሁን ግን ታውቋታላችሁ። ከአንድ ሜትር ርቀት፣ ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል፣ በዌቭ ፋይል ቅዱ። "ጠጁን ቀድቶ ጨዋታ ቀጠለ" ይበሉላችሁ፤ ትርጉሙ ግድ የለም፣ ጠ፣ ቀ እና ጨ እያንዳንዳቸው አጭር ፍንዳታ አላቸው። ፍንዳታው ደንዝዞ ጠ ወደ ተ ከተጠጋ ሄድፎኑ የላይኛውን መሃል እየዋጠ ነው። ቀጥሎ "ሽንብራውን ሸሽጋ ሰጠችው" የሚል፤ ስ እና ሽ ጆሮ የሚወጉ ከሆነ 5 ኪሎኸርዝና ከዚያ በላይ ያለው ተርፏል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተቀዱ የድሮ ዘፈኖች ባሳቸው ጠባብ ስለሆነ ለባስ አይሆኑም። የቴፑ የጀርባ ሽውታ ግን ወጥ ሆኖ ይሰማል ወይስ አንድ ቦታ ላይ ያፏጫል ብላችሁ ብትከታተሉት ትሬብሉን ይነግራችኋል።

ሲደመጥ አካሄዱ ሀ፣ ለ፣ ተመልሶ ሀ ነው። የድምፅ ትዝታ ሴኮንዶችን እንጂ ደቂቃዎችን አይሻገርም፤ ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ የሚሆን አንድ ቁራጭ እያሽከረከራችሁ ቶሎ ቀይሩ። ሦስተኛው እርምጃ፣ ወደ ሀ መመለሱ፣ መዘለል የለበትም። ስኳር የበዛበት ሻይ ተጠጥቶ ወዲያው የሚቀመስ ቡና እንደሚመርረው፣ ደማቅ ሄድፎን ከሰማችሁ በኋላ ሚዛናዊው የታፈነ ይመስላል፤ ስትመለሱ ነው ማን እንዳሳሳተ የሚታወቀው። በአንድ ዙር አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፤ "ዝዝታው የት ነው ያለው?" ብላችሁ ጻፉ፣ ስሙ፣ መልሱን ጻፉ። ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ ሁለታችሁም ጽፋችሁ ሳትጨርሱ አትነጋገሩ። ዓይን መሸፈን ብዙ አይረዳም፤ ክብደቱና ስፖንጁ የቱ እንደሆነ ያሳብቃሉ።

ከፍ ባለ ድምፅ ረጅም ጊዜ መስማትም ፍርድን ያበላሻል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ልክ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ከ20 ደቂቃ በኋላ አውልቁና ወጣ ብላችሁ ንፋስ ተቀበሉ።

ታዋቂዎቹ በዚህ መንገድ ሲሰሙ እንዲህ ይለያያሉ። የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 (እ.ኤ.አ. 1997) እና ኤችዲ 650 (እ.ኤ.አ. 2003) የሰው ድምፅ ላይ የሚያስንቃቸው ጥቂት ነው፤ የእናታችሁ ቅጂ እናታችሁን ይመስላል። ከ50 ኸርዝ በታች ግን ይወርዳሉ፣ የከበሮው ትልቁ ፊት ይቀላል፤ ድምፁም ከጭንቅላት ብዙ አይርቅም። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ባሱም ትሬብሉም የተነሣ ነው፤ መጀመሪያ ሲሰማ ያስደንቃል፣ "ሽንብራውን ሸሽጋ" ላይ ግን ይወጋል። ኤኬጂ ኬ 702 ድምፁ ከጭንቅላት ርቆ ሰፊ ነው፣ ባሱ ቀጭን ነው። ሰንዳራና ሌሎቹ ፕላነሮች እስከ 20 ኸርዝ አካባቢ ድረስ ብዙ ሳይዳከሙ ይዘልቃሉ፤ በገና ላይ የታችኛው ጅማት ሙሉ የሚሆነው በእነሱ ነው። ኤልሲዲ-ኤክስ በዚህ ጠንካራ ነው፣ የላይኛው መሃሉ ግን ወደ ኋላ ይላል፤ 612 ግራምም ይመዝናል። ኤችዲ 800 ኤስ 330 ግራም ሆኖ ስፋትን በተመለከተ ተወዳዳሪው ትንሽ ነው፤ የማኅሌት ቅጂ ላይ ማን የት እንደቆመ መጠቆም ይቻላል። ከእሱ በፊት የነበረው ኤችዲ 800 6 ኪሎኸርዝ ላይ ሹል ጉብታ አለው፤ ኤስ የሚለው ፊደል የተጨመረበት ያንን የሚውጥ ነገር ውስጡ ስላለው ነው። ስታክስ የመሰሉት ኤሌክትሮስታቲኮች (ገለፈታቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚንቀሳቀስ) 580 ቮልት ባያስ፣ ማለትም የማያቋርጥ ቮልቴጅ፣ የሚሰጥ የራሳቸው ማንቀሳቀሻ ስለሚፈልጉ ከተራ አምፕ ጋር አይሰኩም፤ ሄድፎኑ ብቻውን ቢሸጥላችሁ አይጠቅማችሁም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ ቀርቷል፦ ኢኩዋላይዘር። ኮምፒውተር ላይ ኢኩዋላይዘር ኤፒኦን፣ አንድሮይድ ላይ ዌቭሌትን ጭናችሁ ኦቶኢኪው በሚባለው ነፃ ስብስብ ውስጥ ለየሄድፎኑ የተዘጋጀውን ማስተካከያ ሁለቱም ላይ አድርጉ። አንዱ ድምፅ 6 ዴሲቤል ከተነሣ ጠቅላላውን በ6 ዝቅ ማድረግን አትርሱ፤ ካልሆነ የድምፁ ጫፍ ተቆርጦ ይዛባል። መጠኑን እንደገና አመጣጥኑና ስሙ። ልዩነቱ አብዛኛው ከጠፋ ርካሹን ግዙ። ከቀረ የቀረው ስፋት፣ ምቾትና የባስ ጥልቀት ነው፤ ገንዘብ የሚከፈልበትም እሱ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ዝግ ባለ ቆዳ ስፖንጅ ሄድፎን ለሁለት ሰዓት ሳያወልቁ መቀመጥም የፈተናው አካል ነው።

ኮፒ ዕቃ መኖሩን አትርሱ። መልቲሜትሩ እዚህ ላይ ዋጋውን ያወጣል፦ ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከጃኩ ሥር ካለው ቀለበት፣ ሌላውን ከጫፉ፣ ቀጥሎ ከመሃሉ ጋር አገናኙ። 300 ኦም ነው የተባለው ሄድፎን በሁለቱም ጎን ከ300 ብዙ ያልራቀ ቁጥር ካላሳየ፣ 32 አካባቢ ካሳየ፣ ሌላ ድራይቨር ነው ያለበት። የግራና የቀኙ ቁጥር በጣም ከተለያየ ኬብሉን ቀይራችሁ ድገሙ፤ ካልተስተካከለ አንዱ ድራይቨር ተነክቷል። ቀጥሎ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ቶን አጫውቱ። አንድ ጎን ላይ "ጥርርር" የሚል ንዝረት ከተሰማ ወዲያው ተቃጥሏል አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ ገለፈት ላይ የወደቀች አንዲት ፀጉር ናት። ስፖንጁን አውልቃችሁ ኩባያውን ወደ ታች ዘቅዝቁና ጀርባውን በጣት መታ መታ አድርጉ። በአፍ አትንፉበት፣ በቫኪዩምም አትሳቡት፤ የፕላነር ገለፈት በዚያ ይቀደዳል።

ክረምት ሲገባ እርጥበቱ አርቲፊሻል ቆዳውን ይልጠዋል። የጨርቁ ስፖንጅ የሚወልቅ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በእጅ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይመለስ። ሄድፎኑን ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምራችሁ ክዳን ባለው ሣጥን አስቀምጡት፤ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ የሚመታው ሄድፎን ግን ስፖንጁም የራስ ማሰሪያውም ቶሎ ይሰነጠቃል።